ፐርማካልቸር ምንድነው? ለሰሜን ሸዋ ጓሮና ለጋራ አትክልት ቦታስ ምን ይሰራል?

አሁን አሁን ፐርማካልቸር የሚለውን ቃል መስማት እየተለመደ ነው። ስልጠና አለ ተብሎ ወጣቶች ይጠራሉ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው ይቆፍራሉ፣ ፎቶ ይለጠፋል፣ ከዛ ነገርየው ምንድነው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ግማሹ "ያለ ማዳበሪያ ማምረት ነው" ይላችኋል፣ ሌላው ደግሞ "የኤንጂኦ ፕሮጀክት ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ነገሩን አልያዙትም። እኔ ይሄ ነገር በተለይ ለሰሜን ሸዋ በጣም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፣ በደንብ ካልገባን ደግሞ ብዙ የሰው ጉልበት ሜዳ ላይ የሚቀርበት ስለሆነ፣ ከስር መሰረቱ ላስረዳ።

እሺ፣ ፐርማካልቸር ራሱ ምንድነው?

ከመቆፈር በፊት የማቀድ ዘዴ ነው። ስሙን ያወጡት ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግረን የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ፣ ቦታው ታዝማኒያ የምትባለው ደሴት። የተነሱበት ጥያቄ ቀላል ነው፤ ጫካን ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጠጣውም፣ ግን ከዓመት ዓመት ለምልሞ ይኖራል፣ እርሻ ግን አንድ ዓመት ካልተደከመበት ባዶ ነው፣ ለምን? ጫካ ውስጥ አንዱ የጣለውን ሌላው ይበላዋል፣ የትልቁ ጥላ ለትንሹ ይተርፋል፣ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ይሸፍናል፣ ዝናቡ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። እንግዲህ ጓሮውን፣ ማሳውን፣ ዶሮውን፣ በጉን፣ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሳይቀር እንደዛ ተያይዞ እንዲሰራ አድርገን ብናቅደውስ፣ ነው ሀሳቡ።

ስለዚህ ፐርማካልቸር የአንድ አትክልት ወይም የአንድ መደብ ስም አይደለም። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ክብ መደብ ምናምን የአንድ ቦታ መልስ ነው እንጂ ለሁሉም አይሆንም። ጎበዝ ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ትከሻችሁን ወገባችሁን ይለካል፣ መቀስ የሚያነሳው ከዛ በኋላ ነው፣ እዚህም የሚለካው መሬቱ ነው፣ የጎረቤት ልክ ለናንተ አይሆንም። ዩሪያ መጠቀም አለመጠቀሙም ውጤቱ እንጂ ትርጉሙ አይደለም፤ አፈሩ ራሱን መመገብ ሲጀምር የሚገዛው ማዳበሪያ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ይሄው ነው።

ሶስት መሰረቶች አሉት፤ መሬትን መንከባከብ፣ ሰውን መንከባከብ፣ የተረፈውን ማካፈል። የጋራ አትክልት ቦታ የሚመጣው ከሶስተኛው ነው።

ታዲያ ይሄን አባቶቻችን አያውቁትም ነበር?

ብዙውን ያውቁታል። የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ የሆነችውን እነዋሪን ተመልከቱ። የሞረትና ጅሩ መሬት ጥቁር አፈር ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ገበሬው ከነሚስቱ ከነልጆቹ አፈሩን በእጅ እየሳበ ሰፋ ያለ ከፍ ያለ መደብ ያወጣል፣ በመደቦቹ መሀል ቦይ ይቀራል፣ ትርፉ ውሃ በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው ከላይ ሥሩ ሳይበሰብስ ይቆማል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከማረሻ የተሰራ፣ በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ መሳሪያ ሲሰሩ እኮ የእነዋሪ ሰው በእጁ ይሰራው ነበር።

መንዝ ላይ ደግሞ ጓሳ አለ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ህዝቡ በራሱ ደንብ የጠበቀው የጋራ ሳር መሬት ነው። ሳሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱታል፣ ያለ ፈቃድ የገባ ይቀጣል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ አሰራር ፈረሰና ሳሩም ተጎዳ፣ ኋላ ህዝቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ ያዘው፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት የማህበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ይሄን በደንብ ያዙልኝ፣ ስለ በጎ ፈቃደኞች ስናወራ እንፈልገዋለን።

አዲሱ ነገር ምንድነው ታዲያ? ውሃውን የሚያውቀው ገበሬ፣ ጓሮውን የምታውቀው እናት፣ ዛፉን የሚያውቀው የልማት ጣቢያ ሰራተኛ፣ ሁሉም ያላቸውን አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጠው የቱ ከየቱ ጋር ይያያዛል ብለው ማየታቸው ነው። ለየብቻ የሚታወቀውን አንድ ላይ ማየት።

"ዲዛይን" ሲባል ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ማየት ነው፣ ዝም ብሎ ማየት። ከተቻለ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ካልተቻለ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ ህዳር። ውሃው ከየት ይገባል፣ የት ይቆማል፣ ነፋሱ ከየት ይመጣል፣ በግና ፍየል በየት በኩል ያልፋል፣ ሰው አቋርጦ የሚሄድበት መንገድ አለ ወይ (ይሄ በጣም ይረሳል፣ ሰው የለመደው መንገድ ላይ መደብ ብታወጡ መረገጡ አይቀርም)።

ቀጥሎ ቦታውን በቀጠና መከፋፈል ነው። መሀሉ ቤቱ ነው። ከበሩ ጀምሮ በየቀኑ የምትደርሱበት ቦታ ላይ በየቀኑ የሚፈለገው ይሆናል፤ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ ሽንኩርት፣ ችግኝ። ትንሽ ራቅ ብሎ ዶሮውና ፍራፍሬው፣ ከዛ ዋናው ማሳ፣ ከዛ ለማገዶና ለግጦሽ ሳር የሚሆነው፣ መጨረሻ ላይ ማንም የማይነካው ቁጥቋጦ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ከአይን የራቀ አትክልት ይረሳል። ኩሽና በር ላይ ያለ ጎመን ተባይ ሲጀምረው በማግስቱ ይታያል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ግን የሚታየው ከተበላ በኋላ ነው።

ሶስተኛው ከውጭ የሚመጣውን ማጥናት ነው፤ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ጎርፍ፣ ውርጭ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ገደማ፣ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ሆነው አንዱ ጋ ማንጎና ማሾ ይበቅላል ሌላው ጋ ድንች በአንድ ሌሊት ጥቁር ይሆናል።

ውርጭ እንዴት ይመጣል? ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ሲል ምድሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ሲያገኝ እዛው ይተኛል። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ እንኳን ከላይ ያለው መደብ ሲተርፍ ከታች ያለው ሊመታ ይችላል። ቁልቁለቱን የሚዘጋ ድፍን አጥር ከሰራችሁ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከአጥሩ በላይ በኩል ተጠራቅሞ አትክልቱ ላይ ያድራል፣ መውጫ ክፍተት ሊተውለት ይገባል። በተቃራኒው ቀን ሙሉ ፀሐይ የመታው የድንጋይ ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን ቀስ እያለ ይመልሳል፣ ስሱን ነገር እሱ ጥግ መትከል ነው። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይችሉታል፣ ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ አይችሉትም። ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በሳር ሸፍኖ ጠዋት መግለጥ ብዙ ያድናል፣ ከሰዓት በኋላ አፈሩን ማጠጣትም ይረዳል፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል።

ደሞ ፀሐይዋ። የአውስትራሊያ ጽሁፍ ላይ "ፀሐይ የሚያገኘው የሰሜን ግድግዳ ነው" ይላል፣ ለነሱ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ብርዱ በሚበረታበት በህዳርና ታህሳስ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ስለዚህ ሙቀት የሚያጠራቅመው ወደ ደቡብ የዞረው ግድግዳ ነው። ከውጭ የመጣ ዲዛይን እንዳለ ሲገለበጥ የሚበላሸው እንዲህ አይነቱ ነገር ላይ ነው።

ውሃውን ማቆም ነው ወይስ ማስወጣት?

እሱን የሚወስነው አፈሩና ቁልቁለቱ ነው። ስልጠናዎች ላይ በጣም የሚወደደው ነገር ቁልቁለቱን አቋርጦ የሚቆፈር ቦይ ነው፣ ዝናቡን ይዞ ወደ መሬት ያሰርገዋል፣ በታቹ ክምር አፈር ላይ ሳርና ዛፍ ይተከላል። ቀላ ያለ አፈር ላይ፣ መካከለኛ ተዳፋት ላይ፣ ዝናብ በሚያጥርበት ቦታ በጣም ጥሩ ነው። እነዋሪ ጥቁር አፈር ላይ ብትሰሩት ግን ሥር ታበሰብሳላችሁ። ደብረ ሲና አካባቢ ደግሞ መሬት መንሸራተት የሚታወቅበት ቦታ ስለሆነ ገደላማው ላይ ውሃ አጠራቅሞ ማስረግ አደጋ አለው፣ እዛ ውሃውን በእርከንና በማፋሰሻ ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው የሚሻለው።

ቦይ መቆፈር ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ቦዩ ከጫፍ ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት፣ ትንሽ ካዘነበለ ውሃው አንድ ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ይሰብረዋል። ለዚህ ውድ መሳሪያ አያስፈልግም። እኩል የሆኑ ሁለት ሜትር ገደማ እንጨቶች አናታቸው ላይ ታስረው እግራቸው ይከፈታል፣ መሀላቸው ላይ አግዳሚ ይታሰራል፣ ከአናቱ ድንጋይ የተንጠለጠለበት ሲባጎ ይወርዳል። ሁለት ቦታ ላይ አቁማችሁት ሲባጎው አግዳሚውን የሚነካበትን በከሰል ምልክት አድርጉ፣ ከዛ እግሮቹን አቀያይራችሁ እዛው ቦታ ላይ አቁሙትና እንደገና ምልክት አድርጉ፣ የሁለቱ ምልክቶች መሀል የውሃ ልኩ ነው። ከዛ በኋላ አንዱን እግር ተክላችሁ ሌላውን ሲባጎው መሀሉ ላይ እስኪያርፍ ከፍ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፣ ካስማ ትተክላላችሁ፣ እንደገና ወደፊት። ልጆች በጣም ይወዱታል፣ ሲባጎው እስኪረጋ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚጠብቁት፣ አንድ ቀን ከሰሩት ደግሞ የመሬት ከፍታ ማለት ምን እንደሆነ በቃላት ከሚነገራቸው የበለጠ ይገባቸዋል።

የጣሪያ ውሃም አይረሳ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ማለት ነው፣ የሚባክነው ተቀንሶ 800 ሊትር ገደማ ይገኛል፣ ከአንድ ዝናብ ብቻ።

ኩበቱ ለእሳት፣ ገለባው ለከብት ከሆነ ኮምፖስት ከምን ይሰራል?

ይሄ ደጋ ላይ ትክክለኛው ጥያቄ ነው፣ ብዙ ስልጠናም የማይመልሰው ጥያቄ ነው። "አፈሩን በገለባ ሸፍኑ" ማለት ቀላል ነው፣ ግን ገለባው የበሬው ቀለብ ነው። "ፋንድያውን ወደ መሬት መልሱ" ይባላል፣ ግን እናትየው ኩበት ካላነደደች እንጀራ አትጋግርም። ሰው ባለማወቅ አይደለም አፈሩን የሚያስርበው፣ ሌላ የሚያነደው ስለሌለው ነው።

ዲዛይን ማለት እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ የሚታየው። ችግሩ ኮምፖስት ላይ ይታያል መፍትሄው ግን ማገዶ ላይ ነው። አጥር ላይ ትሪሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ከተተከለ ቅጠሉ ለበግ መኖ ይሆናል፣ ቅርንጫፉ ይነዳል፣ ከአየር ናይትሮጂን ስለሚይዝ አፈሩንም ይረዳል፣ ብርድም ይችላል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሲጨመርበት የሚነደው ኩበት ይቀንሳል፣ የቀነሰው ፋንድያ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። በአንድ ዓመት አይደለም፣ ሁለት ሶስት ዓመት ይፈልጋል፣ ግን ሰንሰለቱ ከዛ ነው የሚጀምረው። ባህር ዛፍ ለማገዶ ማንም አይተካውም፣ አልቃወመውም፣ ብቻ ከአትክልቱ ራቅ ይበል፣ ሥሩ ውሃውን ይሻማል፣ ቅጠሉም ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም።

እስከዛው የሚገኘው ከበግ ጋጣ የሚጠረገው ነው፣ ፍሬ ሳይዝ የታረመ አረም፣ የግራዋና የብሳና ቅጠል፣ የወጥ ቤት ትራፊ፣ ጥቂት አመድ። ደረቁና እርጥቡ እየተፈራረቀ ይነጠፋል፣ እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ ጠብ የማይል ግን እጅ የሚያርስ ይሆናል። በደንብ ከተሰራ መሀሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይሞቃል፣ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ከቆይታ በኋላ ስታወጡት ጫፉ የሚያቃጥል ከሆነ እየሰራ ነው፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ ውሃ አጥሮት ደርቋል ወይ እርጥብ ቅጠሉ አንሷል። በበጋ ጉድጓድ ውስጥ፣ በክረምት ከመሬት በላይ ክምር ይሻላል፣ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላና ይሸታል።

ስልጠናው ምን ያስተምራል፣ ሰርተፍኬቱስ?

ዓለም ላይ የታወቀው የፐርማካልቸር ዲዛይን ኮርስ 72 ሰዓት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ይሰጣል። አፈር፣ ውሃ፣ ዛፍ፣ አየር ንብረት፣ የቤት አሰራር፣ የማህበረሰብ አደረጃጀት ይነካል፣ መጨረሻ ላይ ተማሪዎች በቡድን የአንድ እውነተኛ ቦታ ዲዛይን ሰርተው ያቀርባሉ። ሰርተፍኬቱ ኮርሱን ጨርሷል ማለት ነው እንጂ የሙያ ፈቃድ አይደለም።

ለጋራ አትክልት ቦታ ሁሉም ሰው ያንን ኮርስ መውሰድ አያስፈልገውም። አንድ ሁለት ሰው ይማረውና ለሌላው በየወሩ ግማሽ ቀን እያደረጉ ቦታው ላይ ማስተማር ይበቃል። እኔ እንደሚታየኝ ጥሩ አስተማሪ የሚለየው መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው በመጠየቁ ነው፤ እትዬ ይሄ ቦታ ክረምት ላይ ውሃ ይቆምበታል? ጋሼ እዚህ ድሮ ምን ይበቅል ነበር? እነሱ የሚመልሱት የትኛውም ስላይድ ላይ የለም።

በጎ ፈቃደኞች ለምን ይጠፋሉ?

የመጀመሪያው ቀን ሰው ይሞላል። ጥር ላይ ፀሐይዋ ስትከር ውሃ የሚያጠጣ ይጠፋል። ሰዉ ሰነፍ ስለሆነ ግን አይደለም፣ ስራው ሲጀመር ያልተነገረው ነገር ስላለ ነው።

አንደኛ ነገር ውሃው አልተሰላም። በበጋ 1 ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል፣ 50 ካሬ ሜትር ከሆነ እስከ 250 ሊትር፣ ማለትም 10 ባለ 25 ሊትር ጀሪካን፣ በየቀኑ። ማን ነው የሚሸከመው? ብዙውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ስለዚህ የአትክልቱን ስፋት ባለው መሬት ሳይሆን ባለው ውሃና በሚሸከመው ሰው መወሰን ነው። 15 ካሬ ሜትር ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይ መቶ ካሬ ተቆፍሮ ከሚደርቅ ይሻላል።

ሁለተኛ ደንቡ አልተጻፈም። ደቦ የአንድ ቀን ስራ ነው፣ የጠራው ሰው ያበላል ያጠጣል፣ ያበቃል። ወንፈል ደግሞ ብድር አለበት፣ ዛሬ ለኔ ነገ ላንተ። የጋራ አትክልት ቦታ ለቁፋሮው ደቦ ይበቃዋል፣ ለዓመቱ እንክብካቤ ግን ወንፈል ነው የሚያስፈልገው፣ ብዙ ጊዜ ግን ሁሉንም በደቦ ለመጨረስ ይሞከራል። ጓሳን ያቆየው ማን መቼ ይገባል፣ ማን ስንት ይወስዳል፣ ያጠፋ ምን ይሆናል የሚለው የታወቀ መሆኑ ነው። እዚህም ከመጀመሪያው ዘር በፊት ምርቱ የማን እንደሆነ ይወሰን፤ ለሰራው በየተራው፣ ለትምህርት ቤቱ ምግብ፣ ለአቅመ ደካማ ወይስ ተሽጦ ለዘርና ለመሳሪያ? የትኛውም ይሁን፣ ብቻ ጎመኑ ደርሶ አይን ሲገባ አይሁን። የመሬቱም ነገር እንዲሁ፣ ቀበሌም ይሁን ትምህርት ቤት፣ ቤተክርስቲያንም ይሁን መስጊድ፣ ለስንት ዓመት እንደተፈቀደ በጽሁፍ ይያዝ።

ሶስተኛ ተራው ከኑሮው ጋር አልገጠመም። በሸዋ በሰንበትና በወር በዓል መሬት አይቆፈርም፣ መኸር ሲደርስ ሁሉም ማሳው ላይ ነው። ይሄን ታውቆ ነው ተራ የሚወጣው። ሸዋ ሮቢትና ይፋት አካባቢ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ላይ ስለሚኖር አንዱ በበዓሉ ሲያርፍ ሌላው ውሃ ቢያጠጣ ሁለቱም ይገላገላሉ። ቡናውና ቆሎው ደግሞ አይቅር፣ ሰው ለመቆፈር ብቻ አይመጣም፣ ለጨዋታውም ነው የሚመጣው።

መቼ ይጀመር?

በመቆፈር ከሆነ ጥሩው ጊዜ የበልግ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው ነው፣ በልግ ከቀረ ግንቦት። በማየት ከሆነ ግን አሁኑኑ ይጀመራል፣ ክረምት ላይ ጃንጥላ ይዞ ዝናቡ እየወረደ ወጥቶ ውሃውን መከተል፣ ህዳር ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ውርጩ የት የት ነጭ እንዳደረገ ምልክት ማድረግ። ዛፍ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነው የሚተከለው፣ ጉድጓዱ ግን ቀደም ብሎ ይቆፈርና አየር ይግባበት። ለሁዳዴ ጎመን እንዲደርስ ከተፈለገ ችግኙ ታህሳስ ላይ ከመደብ ወጥቶ መተከል አለበት፣ በዛን ጊዜ የሚጠጣው ውሃ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ክረምት ላይ መታሰብ ነበረበት። ደብረ ብርሃን ላይ አፕል መትከል የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ አንድ አይነት ብቻ አትግዙ፣ በአንድ ጊዜ የሚያብቡ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ጎን ለጎን ካልሆኑ አበባው በደንብ አይዝም፣ ችግኝ የሚሸጠውን ሰው የሁለቱንም ዝርያ ስም ጠይቃችሁ ዲዛይናችሁ ላይ ጻፉት።